ንጋት ላይ የሚላጠው ዓይን፦ የኮርኒያ ጭረት ለምን እንደሚመለስና ሦስት ወር እንዴት እንደሚታከም

ሱሉልታ አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት ጥቅምት ላይ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጣች። ቀኝ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች፤ ግራውም አብሮ ያነባል። «ከእንቅልፌ ነቅቼ ዓይኔን ስገልጥ በምላጭ የቀደዱኝ መሰለኝ» አለችኝ። ማታ ስትተኛ ደህና ነበረች፤ ማንም አልነካትም። ደጋግሜ ስጠይቃት ከአምስት ሳምንት በፊት ስታጠባው የነበረው ልጇ በጥፍሩ ዓይኗን ቧጭሯት እንደነበር ትዝ አላት። ያኔ የዓይን ቅባት ተሰጥቷት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ሲጠፋ ቅባቱንም ተወችው።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ቅባቱን የሰጣት ሰው እስከ መቼ እንደምትቀባ አልነገራትም። የዓይን ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ሰው በዚሁ መንገድ ሲመላለስ አይቻለሁ፤ ስለዚህ እዚህ ጋ ረጋ ብዬ ልጽፈው ፈለግሁ።

ምን ሆኖ ነው?

ኮርኒያ በጥቁሩ የዓይን ክፍል ፊት ያለው፣ እንደ ሰዓት መስታወት ጥርት ያለ ሽፋን ነው። መሐሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የላይኛው ቆዳው ደግሞ ከዚያ ላይ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ሲሆን ከ5 እስከ 7 ድርብ የሆኑ ሕዋሳት የተደራረቡበት ነው። የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው በአብዛኛው በእንባ በኩል ከአየር ነው። የነርቭ ጫፍ ግን ከሰውነት ቆዳ ጋር ሲነጻጸር በመቶዎች እጥፍ ሞልቶበታል። የጤፍ ፍሬ የምታህል ጭረት ትልቅ ሰው የምታስለቅሰው ለዚህ ነው።

ይህ ቆዳ ሲቧጨር በዙሪያው ያሉት ሕዋሳት ወደ ቁስሉ ይፈስሱና ትንሽ ጭረት ከሆነ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይሸፍኑታል። ሕመሙም ይጠፋል። የሸፈነው ቆዳ ግን ገና ሥር አልያዘም። ከታች ካለው ሽፋን ጋር የሚያያይዙት ጥቃቅን ችንካሮች ተመልሰው እስኪጠብቁ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ሦስት ወር ይፈጃል። የጭቃ ቤት የመረገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ምርጊቱ ላዩ ሲደርቅ ግድግዳውን የያዘ ይመስላል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ነው፤ በዚያ ሰሞን በሩን በኃይል ቢዘጉት ተልጦ ይወርዳል።

ታዲያ ለምን ንጋት ላይ? ስንተኛ እንባ ይቀንሳል፤ የላይኛው የዓይን ቆብም ሌሊቱን ሙሉ ኮርኒያው ላይ ተኝቶ ያድራል። ያልተሟሸ ምጣድ ላይ የጋገረች ሴት ነገሩ አይጠፋትም። እንጀራው ይበስላል፣ ዓይን አውጥቶ ያምራል፤ ሰፌዱን ሰደድ አድርጋ ልታወጣው ስትል ግን ሆዱ ምጣዱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጠዋት ቆቡ ድንገት ሲገለጥ ያልጠበቀውን ቆዳ ይዞት የሚነሳው እንዲሁ ነው። ሐኪሞች ይህን ተመላልሶ የሚከሰት የኮርኒያ መላጥ ይሉታል።

ከየት ይመጣል?

አብዛኛው ከአንድ ጭረት ይጀምራል፤ በተለይ ስለት ባለውና በጎን በሚፍቅ ነገር ከደረሰ ጭረት። የሕፃን ጥፍር፣ የወረቀት ጠርዝ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ። በእኛ አካባቢ ከመስከረም በኋላ ድርቆሽ ሲታጨድ፣ ከኅዳር ጀምሮ በሰንዳፋና በሰበታ በኩል ውቂያ ሲሆን የገለባና የእብቅ ጉዳት ይበዛል። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችም ቅርንጫፉ ዓይናቸውን ሲመታቸው ያጋጥማል። በገላንና በቃሊቲ በኩል ከብረት ሥራ የሚመጡ ወጣቶች አሉ።

ጉዳት የማያስታውሱም አሉ። የአንዳንድ ሰው ኮርኒያ ከተፈጥሮው የታችኛው ሽፋን ያልተስተካከለ ስለሆነ ቆዳው በደንብ አይያዝም። ሐኪሙ በመሣሪያ ሲያየው እንደ ካርታ፣ እንደ ነጥብ ወይም እንደ ጣት አሻራ ያለ መስመር ያገኛል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ በሁለቱም ዓይን ላይ ነው፤ አሁን የታመመው አንዱ ብቻ ቢሆንም ሌላውም መታየት አለበት።

የዓይን ድርቀት፣ የቆብ ጠርዝ ብግነት፣ የስኳር በሽታ፣ ዓይንን ገርበብ አድርጎ መተኛትም ቁስሉ እንዳይጠብቅ ያደርጋሉ። የዓይን ማዝ ደግሞ ለብቻው መነሳት አለበት። ማዝ ቆቡን ወደ ውስጥ አጥፎት ሽፋሽፍቱ ኮርኒያውን የሚፍቅ ከሆነ ቅባት ብቻውን ምንም አይፈይድም። ፀጉሩን በወረንጦ መንቀል ለጥቂት ሳምንት ያሳርፋል፤ የታጠፈውን ቆብ የሚያቀናው ግን ቀዶ ሕክምና ነው።

ደረጃ 1፦ በተጎዳችሁባት ደቂቃ

አትሹት። ማሸት ነው ትንሿን ጭረት ትልቅ የሚያደርጋት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና ተፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በታሸገ ውሃ ዓይኑን አለቅልቁት። ጥቂት ጊዜ ዓይናችሁን ጨፈን ከፈት አድርጉ፤ ብዙ ጊዜ እንባው ራሱ ጉድፉን ያወጣዋል።

ሁለት ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ኖራ ወይም ሲሚንቶ ከገባ ንጹሕ ውሃ ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ፤ ያገኛችሁትን ውሃ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ሳታቋርጡ አፍስሱበት፣ ቆቡንም ገልብጣችሁ የተሸሸገውን እጠቡ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ሩጡ። በመዶሻ ወይም በግራይንደር የተፈናጠረ ብረት ከመታችሁ ደግሞ ዓይኑን አትጫኑት፤ የተሰካ ነገር ካለም አትንቀሉ። ንጹሕ የወረቀት ኩባያ ዓይኑን ሳይነካ ከላይ ደፍታችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ደረጃ 2፦ ጤና ጣቢያ ነው ወይስ ሆስፒታል?

ጤነኛውን ዓይን በእጃችሁ ሸፍኑና በታመመው ግድግዳ ላይ ያለ ቀን መቁጠሪያ ለማንበብ ሞክሩ። የሚቆረቁር፣ የሚያነባና ብርሃን የሚፈራ ዓይን ማየቱ ካልቀነሰ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መታየት ይበቃዋል።

እይታው ደብዝዞ ከቀረ፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ፣ መግል ከመጣ፣ የዓይኑ መሐል ያለው ብሌን ክብ መሆኑ ቀርቶ ከተጣመመ፣ ወይም ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን በመቀነስ ፈንታ ከጨመረ ግን ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያለባችሁ ዛሬውኑ ነው። የመገናኛ ሌንስ (ኮንታክት ሌንስ) የምታደርጉ ሰዎችም ከዚሁ ናችሁ። በቅጠል፣ በገለባ ወይም በእንጨት የተቧጨረ ዓይን ፈንገስ ሊይዝ ይችላል። የፈንገስ ቁስል ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴ ከቀናት በኋላ ነው የሚገለጠው፤ ስለዚህ የገበሬ ዓይን በሁለተኛው ቀን ተመልሶ እንዲታይ ሁልጊዜ አጥብቄ እናገራለሁ።

ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ ወይም ከለገጣፎ ለሚመጣ ሰው በአዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚታወቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ነው። የጤና መድን ካላችሁ የሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያው ይዛችሁ ሂዱ። ድንገተኛ ጉዳት ከሆነ ግን ወረቀት ስትጠብቁ ቀኑ እንዳይመሽባችሁ።

ደረጃ 3፦ ምርመራው ላይ ምን መደረግ አለበት?

ፍሎረሲን የሚባል ብርቱካናማ ቀለም ዓይናችሁ ውስጥ ይደረጋል፤ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ የተላጠው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ቀለሙ አያምም። ንፍጣችሁ ቢጫ ቢሆን አትደንግጡ። ስሊት ላምፕ በሚባለው፣ ዓይንን አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ የሚያያችሁ ሐኪም የጭረቱን ጥልቀት፣ ነጭ ነጥብ መኖሩንና የቆቡን ጠርዝ ይመረምራል።

የላይኛው ቆብ መገልበጥ አለበት። ኮርኒያው ላይ ከላይ ወደ ታች የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች ካሉ ከቆቡ ሥር አሸዋ ወይም ገለባ ተሸሽጓል ማለት ነው፤ እሱ ካልወጣ ዓይናችሁን በጨፈናችሁ ቁጥር ይፍቃችኋል። ቆቡ ካልተገለበጠ «ከሥሩ ነገር ካለ ቢያዩልኝ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም።

ለምርመራ የሚደረገው ማደንዘዣ ጠብታ ሕመሙን በደቂቃ ያጠፋዋል። ብዙ ሰው «ይህን ጠርሙስ ስጡኝ» ይላል። ልመናው ይገባኛል፤ ግን አይሰጥም። ደጋግሞ የተደረገ ማደንዘዣ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል፣ ኮርኒያውንም ሊያቀልጠው ይችላል።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ሳምንት

ቁስሉ ክፍት እስካለ ድረስ ተህዋስ እንዳይገባበት ፀረ ባክቴሪያ ይታዘዛል። በጤና ጣቢያዎቻችን የተለመደው ሁላችሁም «ቲቲሲ» የምትሉት የቴትራሳይክሊን 1 በመቶ ቅባት ነው፤ ክሎራምፌኒኮል ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ጠብታም ሊታዘዝ ይችላል። የታዘዘውን ያህል ቀን ሙሉውን ተጠቀሙ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በአፍ ይበቃል፤ ለአዋቂ ሁለት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ፣ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። የምታጠባ እናትም ትወስደዋለች።

ሕመሙ ጠልቆ የሚጠዘጥዝ ከሆነ ሐኪሙ የዓይንን መሐል የሚያሰፋና ውስጡን የሚያሳርፍ ጠብታ ይጨምራል። ሳይክሎፔንቶሌት ከሆነ አንድ ቀን ያህል፣ አትሮፒን ከሆነ ሳምንትና ከዚያም በላይ የቅርብ ነገር ሊያደበዝዝባችሁ ይችላል። በዚያ ዓይን ሚኒባስም ባጃጅም አይነዳም።

ዓይኑን በጥጥና በፕላስተር ማሸግ ድሮ የተለመደ ነበር። ለተራ ጭረት መዳኑን አያፋጥነውም፤ የገለባና የመገናኛ ሌንስ ጉዳት ላይ ደግሞ ተህዋስን አሽጎ ያሳድራል። ከፀሐይ ለመጠለል ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ሦስቱ ወራት

ሕክምናው የሚቋረጠው እዚህ ጋ ነው። ሕመም የለም፣ ዓይኑ ነጥቷል፣ ሥራ ተጀምሯል፤ ሦስት ወር ማታ ማታ የምን ቅባት? ቆዳው ግን አሁን ነው ሥር የሚይዘው። በእነዚህ ወራት የምትፈልጉት ፀረ ባክቴሪያ አይደለም፤ ዓይንን የሚያለሰልስ፣ ቆቡ እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ቅባት ነው። ምጣዱን በጎመን ዘር ማሰስ ማለት ይኸው ነው።

ቀን ቀን ሰው ሠራሽ እንባ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ጠብ አድርጉ። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የምትጠቀሙ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ጠይቁ፤ ኬሚካሉ ሲበዛ ራሱ የኮርኒያውን ቆዳ ያስቆጣል። ማታ ልትተኙ ስትሉ፣ መብራቱን ከማጥፋታችሁ በፊት ቅባቱን አድርጉ። እጅ ይታጠባል። የታችኛው ቆብ በጣት ወደ ታች ይሳባል፤ በተፈጠረው ኪስ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቅባት ትጨመቃለች፣ የቱቦው ጫፍ ዓይንንም ሽፋሽፍትንም ሳይነካ። ከዚያ ጨፈን ማለት ነው። ጠብታና ቅባት በአንድ ጊዜ ከታዘዙ ጠብታው ይቀድማል፤ ቅባቱ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይከተላል። ቅባቱ እይታን ስለሚያደበዝዝ ሌሊት ልጅ ለማጥባት የምትነሺ እናት መብራቱን አብርተሽ ተነሺ። የተከፈተ ጠርሙስ ከአራት ሳምንት በኋላ ይጣል፤ የተከፈተበትን ቀን ጎኑ ላይ ጻፉበት። ለአንዱ የቤተሰብ አባል የተከፈተውን ሌላው አይጠቀምበትም።

ለሰውነት የሚቀባ ቫዝሊን በዚህ ቦታ አይገባም፤ ለዓይን ተብሎ ከተህዋስ የጸዳ አይደለም። ማለስለሻ ቅባት ፋርማሲው ውስጥ ካጣችሁ ወፈር ያለ ጄል ጠብታ ጠይቁ፤ እሱም ከሌለ ወደ ያዘዘላችሁ ሐኪም ደውሉ ወይም ተመለሱ። አንዳንድ ሐኪሞች የ5 በመቶ የጨው ጠብታ ወይም ቅባት ያዝዛሉ፤ ከላላው ቆዳ ሥር ያደረውን ውሃ ይስባል። ሲገባ ለጥቂት ጊዜ ያቃጥላል። ቤት ውስጥ ጨው በጥብጦ ማዘጋጀት ግን ፈጽሞ አይሞከርም።

ጠዋት ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ስትነቁ ዓይናችሁን በፍጥነት አትግለጡ። ጨፍናችሁ እንዳላችሁ ኳሱን ቀስ ብላችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንቀሳቅሱ፤ እንባ ይሰበሰባል። ራስጌ ካስቀመጣችሁት ጠብታ በዓይናችሁ ጥግ አፍስሱና ትንሽ ጠብቁ። ከዚያ በዝግታ ግለጡ። የማንቂያ ደወል ሲጮህ ደንግጦ ዓይንን ቦግ ማድረግ ለዚህ ሰው አደገኛ ነው።

ቀኑን በቤታችሁ ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉበት። ጥቅምት አጋማሽ ላይ የተጀመረ ቅባት እስከ ጥር አጋማሽ ይሄዳል። በመሐል አንድ ጊዜ ከተላጠ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል፤ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይለወጣል፣ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው።

ደረጃ 6፦ ንጋት ላይ ከተመለሰ

አልጋው ላይ ቆዩ። ጠብታውን አብዝታችሁ አድርጉ፣ ፓራሲታሞል ውሰዱ፣ ዓይኑን ጨፍናችሁ አሳርፉት። ትንሽ መላጥ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይረግባል። ያም ሆኖ በዚያው ቀን ታዩ፤ ክፍት ቁስል ስለሆነ ፀረ ባክቴሪያ እንደገና ያስፈልገዋል፣ ሐኪሙም ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ አለመሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ያም ቫይረስ ተመላልሶ የሚመጣ ነው፤ የሚድነው ግን በሌላ መድኃኒት ነው። የተላጠበትን ቀንና ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ። ሐኪሙ ቀጣዩን እርምጃ የሚወስነው በድግግሞሹ ነው።

ደረጃ 7፦ ቅባት አልበቃ ሲል

ሦስት ወር በትክክል ተቀብቶ ከተመለሰ የኮርኒያ ሐኪም ይየው። አንዱ መንገድ ማሰሪያ ሌንስ ነው፤ ለስላሳ ሌንስ ኮርኒያው ላይ ለሳምንታት ተደርጎ ቆቡ ቆዳውን እንዳይፍቀው ይከላከላል። ጥሩ መንገድ ነው። ሆኖም ቀኑን ሙሉ የጠጠር መንገድ አቧራ ውስጥ ለሚውል፣ ለክትትል መመላለስ ለሚቸገር ሰው እኔ አልመኝለትም፤ ሌንስ ሥር የገባ ተህዋስ ከመላጡ የባሰ ጉዳት ያመጣል።

ሁለተኛው ዶክሲሳይክሊን በአፍ ለሳምንታት መውሰድ ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ባክቴሪያ በመግደሉ ሳይሆን ችንካሮቹን የሚበላውን ኢንዛይም በመግታቱ ነው። ነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይወስዱትም፤ የምታጠባም ሐኪሟን ትጠይቅ። በብዙ ውሃ ይዋጣል፣ ውጦ ወዲያው መተኛት ጉሮሮን ያቆስላል። አንዳንዴ ብግነትን የሚቀንስ የስቴሮይድ ጠብታ ለአጭር ጊዜ ይጨመርበታል፤ ይህ በዓይን ሐኪም ክትትል ብቻ የሚደረግ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው። የላላውን ቆዳ በማደንዘዣ ጠርጎ አዲስ እንዲያድግ ማድረግ፣ የታችኛውን ሽፋን በአልማዝ ጫፍ ባለው ትንሽ መሣሪያ ማለስለስ፣ ወይም ከእይታ መስመር ውጭ ባለ ቦታ በቀጭን መርፌ ነጠብጣብ ቀዳዳ አድርጎ ቆዳው በጠባሳ እንዲያያዝ ማድረግ። ኤክሳይመር ሌዘር ያለበት ማዕከል ከተገኘ በእሱም ይሠራል። ከማናቸውም በኋላ የማታው ቅባት አይቀርም።

ዓይን ውስጥ የማይገቡ ነገሮች

የጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ምራቅ፣ ማር። እናቶቻችን ክፉ አስበው አይደለም ያደረጉት፤ ግን ክፍት የሆነ ኮርኒያ ላይ ተህዋስን ያራባሉ። ስለ ጸበል በአክብሮት እናገራለሁ፦ ጠጡት፣ ተጠመቁት፤ ቁስሉ እስኪዘጋ ድረስ ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ይሁን። ያልታከመ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ቁስሉ ውስጥ ከገቡ ሕክምናው ወራት የሚፈጅ በሽታ ያመጣሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዴክሳሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ ጠብታ ነው። ቅላቱን ስለሚያጠፋ የዳነ ይመስላል። ሥሩ ፈንገስ ወይም ሄርፒስ ካለ ግን ያሰፋዋል። የጎረቤቷን የተረፈ ጠብታ ለአሥር ቀን ተጠቅማ የመጣች ልጅ አስታውሳለሁ፤ ጥቁሩ ላይ የቀረው ነጭ ጠባሳ ዛሬም አለ። እንዲህ ያለ ጠባሳ እይታን ከጋረደ ያለው አማራጭ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ነው። ለዚህ ኮርኒያ እንዲያሰባስብ የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ2003 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን፣ ኮርኒያው የሚገኘው ከሞቱ በኋላ እንዲሰጥላቸው ቃል ከገቡ ሰዎች ነው።

ቤትና ሥራ ላይ

የሕፃኑን ጥፍር በየሳምንቱ ከርከም አድርጉት፤ ርካሹ መከላከያ እሱ ነው። ግራይንደር የያዘ፣ ድንጋይ የሚጠርብ፣ ገለባ የሚወቃ ሰው ጎኑ የተሸፈነ መነጽር ያድርግ፤ ተራ የፀሐይ መነጽር ጎኑ ክፍት ነው። በያጆች ጭምብላችሁን ለአንዲት ነጥብ ብላችሁም አታንሱ፤ የብየዳ ብርሃን ኮርኒያውን አቃጥሎ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚያስለቅሳችሁ። ኩበትና እንጨት የምታነዱበት ማጀት ጭስ መውጫ ይኑረው። የታኅሣሥና የጥር ደረቅ ነፋስ ባለበት በሞተር ሳይክል ወይም በባጃጅ የምትሄዱ ሁሉ የዓይን መከለያ አድርጉ፣ የሰው ሠራሽ እንባውንም መጠን በዚያ ወቅት ጨምሩ።

ያቺ የሱሉልታ እናት ቅባቱን ጥር መጨረሻ ላይ ጨረሰች። በመሐል አንድ ሌሊት ረስታ ተኝታ ጠዋት ትንሽ ቆርቁሯት እንደነበር፣ ዓይኗን ሳትገልጥ ጠብታውን ከራስጌዋ ፈልጋ እንዳፈሰሰች ነገረችኝ። በመጨረሻው ቀጠሮ ቀለሙን አድርጌ በሰማያዊ ብርሃን ሳያት አረንጓዴ ያበራ ቦታ አልነበረም። ጀርባዋ ላይ የታዘለውን ልጅ እጅ ያዝኩና ጥፍሩን አየሁ፤ ተከርክሟል።